ከከተማ ዳር ሆኖ የሚታመን ሜካኒክ እንዴት ይመረጣል?

መኪና ቀጥ ሲል ሰዓትና ቦታ አያማርጥም። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ ስትሄዱ፣ ማታ፣ ዝናብ እየጣለ ቢቆምባችሁ ሜካኒክ መምረጥ የሚባል ነገር የለም። ስልክ ያነሳው ይመጣል፤ የጠራውን ትከፍላላችሁ። ሜካኒክ የሚፈለገው መኪናው ደህና እያለ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች ነገሩ ትንሽ ይከብዳል። የአስመጪዎቹ ጋራዥ ከሰበታም ከለገጣፎም ሩቅ ነው። ቅርባችን ያለው አንድ ኮንቴይነር፣ ከላዩ የተወጠረ ሸራና ሁለት ሦስት ወጣቶች ናቸው። ከእነዚህ መሀል እጅግ ጎበዝ ባለሙያ አለ። ሞተር ፈትቶ ስልኩን የሚያጠፋም አለ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም በዘይት የጨቀየ ቱታ ለብሰዋል። እንዴት እንደሚለዩ ደረጃ በደረጃ እንሂድበት።

1. መጀመሪያ የትኛው ሙያ እንደሚያስፈልጋችሁ ለዩ

ሜካኒክ ሁሉን አይሠራም። የሞተርና የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ሰው አለ፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ፤ ቀጥቃጭና ቀለም ቀቢ አለ፤ ራዲያተር ሠሪ አለ፤ ጎሚስታ አለ። "ሁሉንም እኔው እሠራዋለሁ" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ጠርጠር አድርጉ። "ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ ላገናኝህ" የሚለው ግን ስልኩ ሊያዝ የሚገባው ነው።

ሌላው የመኪናው ዓይነት ነው። ቃሊቲና ገላን አካባቢ ያሉ ብዙ ጋራዦች ኑሯቸው ከባድ መኪና ነው። ሲኖትራክና አይሱዙ ሲፈታ የሚውል ሰው እጁ ደፋር ነው፤ ነገር ግን ቪትዝ ላይ ያን ያህል ላይመቸው ይችላል። በሩ ላይ የቆሙትን መኪኖች እዩ። የእናንተን የሚመስሉ ከሌሉ እለፉት።

2. ማንን እንደምትጠይቁ እወቁ

ጎረቤት መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ግን ጎረቤታችሁ ጋራዥ የሚሄደው በዓመት አንዴ ለቦሎ ሊሆን ይችላል። የተሻለው ምንጭ በመኪናው እንጀራ የሚበላ ሰው ነው። የራይድ ሹፌር መኪናው አንድ ቀን ከቆመ የዕለት ገቢው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ የሚያዋጣውን ሜካኒክ አጥርቶ ያውቃል። ስትጠይቁት "ጎበዝ ሜካኒክ ታውቃለህ?" አትበሉት፤ ሁሉም ሰው "አዎ" ይላል። "ያንተን መኪና መጨረሻ ላይ ማን ሠራው? ምን ነበር? ተመልሶ ተበላሸ?" በሉት።

ሁለተኛው ሰው ጎሚስታው ነው። በቀን ስንት መኪና ጎማ ሲያወርድ የፍሬን ሸራውን፣ ቴስቲናውን (የመሪውን መጋጠሚያ) እና አሞርዛተሩን (ንዝረት ማብረጃውን) ያያል። የማን ሥራ ንጹሕ እንደሆነ፣ ማን ዳዶ (የጎማ ማሰሪያ ብሎን) እያጎደለ እንደሚያስር በዓይኑ አይቷል። ጥገናው የሱ ሥራ ስላልሆነ የሚዋሽበት ምክንያትም ብዙ የለውም።

መለዋወጫ ሻጩንም መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ጥያቄው በብልሃት ይሁን። ሻጭና ሜካኒክ ብዙ ጊዜ ኮሚሽን ይቆራረጣሉ፤ "ማንን ትመክረኛለህ?" ካላችሁት ደንበኛውን ይጠራላችኋል። "ገዝቶ ወስዶ፣ አይደለም ብሎ ዕቃ የሚመልስብህ ማነው?" ብትሉት ግን በምሬት ይነግራችኋል። ዕቃ ደጋግሞ የሚመልስ ሜካኒክ በግምት የሚሠራ ነው።

3. ያለ ሥራ ሄዳችሁ ጋራዡን እዩ

ከሰዓት በኋላ ጎራ በሉ። ሻይ ይዛችሁ ቁሙ፣ ማንም አይከለክላችሁም።

የወለሉን መቆሸሽ አትዩት፤ ጋራዥ ነው። የምታዩት የተፈታውን ዕቃ አያያዝ ነው። ብሎኖቹ በጣሳ ወይም በሳህን ተለይተዋል ወይስ አሸዋው ላይ ተበትነዋል? የተከፈተ ሞተር በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ ተሸፍኗል? የእኛ ሰፈር መንገድ አቧራው የታወቀ ነው፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃና ፍንጣቂ። ከአስፋልት ዳር፣ ሸራ ሥር፣ ክፍቱን ያደረ ሞተር ተገጥሞ ሲነሳ በውስጡ ደቃቅ አሸዋ ይዞ ይነሳል። ዘይት መቀየርና ፍሬን መሥራት ሸራ ሥርም ይቻላል። ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ማውረድ ግን ግድግዳና ጣሪያ ይፈልጋል።

መኪናው በክሪክ ብቻ ተነስቶ ሰው ሥሩ ከገባ፣ ያ ጋራዥ ለሠራተኛው ነፍስ አይጠነቀቅም። ለመኪናችሁ ይጠነቀቃል ብላችሁ አትጠብቁ። የብረት መደገፊያ ወይም ጉድጓድ መኖር አለበት። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ጠረጴዛው ላይ አለ? ብሎን በልኩ የሚያጠብቀው ቶርክ ሬንችስ? ቶርክ ሬንች ያለው ትንሽ ጋራዥ ብርቅ ነው፤ ካገኛችሁ ሰውየው ሥራውን የሚያከብር ነው።

ወረቀትም አለ። ንግድ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ተግባረ ዕድ ወይም ጄኔራል ዊንጌት የተማረ፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተና ያለፈ ሰው ምስክር ወረቀቱን ማሳየት አያፍርም። ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ግን ወረቀት የሌላቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በረዳትነት ያደጉ ድንቅ ባለሙያዎችም ስላሉ እኔ በዚህ ብቻ ሰው አልጥልም። የፈቃዱ ጥቅም በዋናነት ክርክር ሲመጣ የሚጠየቅ አድራሻ መኖሩ ነው።

4. በትንሽ ሥራ ፈትኑት

የመጀመሪያው ሥራ ሰርቪስ ይሁን፤ ዘይትና ፊልትሮ። ዘይቱን ራሳችሁ ግዙ፣ ማሸጊያው ፊታችሁ ይከፈት። ለቪትዝ ወይም ለያሪስ የሚገባው ዘይት ከ4 ሊትር በታች ነው። ባለ 4 ሊትሩ ጀሪካን ባዶ ሆኖ ከተጣለ፣ ወይ ሞልቶ አፍስሷል ወይ የቀረው ሌላ ቦታ ሄዷል።

እየሠራ ሳለ ተመልከቱት። የፊልትሮውን ጎማ ከመግጠሙ በፊት ዘይት ይቀባዋል? የማፍሰሻውን ብሎን ቀለበት አየው? ከጨረሰ በኋላ ሞተሩን አስነስቶ፣ አጥፍቶ፣ ጥቂት ጠብቆ ዲፕስቲኩን መልሶ ለካ? ሳትጠይቁት ሌላ ነገር አይቶ "የፊት ቀኝ የፍሬን ሸራው ሊያልቅ ነው፣ አሁን አይቸኩልም፣ ወር ሁለት ወር ይሄዳል" ካላችሁ ጥሩ ምልክት ነው። "ይሄ ሁሉ መቀየር አለበት፣ ዛሬ ካልተቀየረ አደጋ ነው" ካለ ደግሞ አሳየኝ በሉት። አደጋ የሆነ ነገር ይታያል።

አንድ መፈተኛ ጥያቄ ልጨምር። መኪናችሁ አውቶማቲክ ከሆነ "ካምቢዮው ላይ ምን ዘይት ትሞላለህ?" በሉት። ሲቪቲ (ማርሽ ሳይቆራርጥ የሚሠራ አውቶማቲክ) ካምቢዮ ያላቸው መኪኖች የራሳቸው ዘይት አላቸው። ተራው የአውቶማቲክ ዘይት ከተሞላባቸው ካምቢዮው ይጎዳል። "ያው ነው፣ ቀዩን ነው የምንሞላው" ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

5. ሕመሙን ንገሩ፣ መድኃኒቱን አትዘዙ

ብዙዎቻችን ጋራዥ ስንደርስ "ቴስቲና ቀይርልኝ" እንላለን። ሜካኒኩም ይቀይራል፣ ድምፁም ይቀጥላል፣ ጥፋቱም የኛ ይሆናል፤ ያዘዝነው እኛ ነና።

ይልቅ እንዲህ በሉ፦ "ጠዋት ስነሳ የለም። ከሞቀ በኋላ፣ ጉድጓድ ስገባ፣ በግራ በኩል ቋ ይላል። መሪ ስጠመዝዝ ይብሳል። ከጀመረ ሁለት ሳምንት ይሆነዋል።" መቼ፣ የት፣ በምን ፍጥነት፣ ሲቀዘቅዝ ወይስ ሲሞቅ። ጽፋችሁ ብትይዙ ይሻላል፤ ድምፁን በስልክ ብትቀዱማ የበለጠ። ሴት አሽከርካሪዎች "እህቴ፣ ይሄ አይገባሽም" የሚል መልስ እንደሚገጥማቸው አውቃለሁ። እንዲህ ጽፋ የመጣች ሴትን ግን በዚያ ማለፍ ይከብዳል። ባይከብደው ደግሞ ማንነቱን ቀድማ አወቀች፤ ሌላ ጋራዥ አለ።

ጥሩ ሜካኒክ ሰምቶ ሲጨርስ ይጠይቃል። ቀጥሎ "እስቲ እንሂድና ልስማው" ብሎ ይሳፈራል። ኮፈን ሳይከፍት ዋጋ የሚጠራውን ፍሩት።

6. ዕቃ ከመቀየሩ በፊት "በምን አወቅህ?" በሉት

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የሚታመን ሜካኒክ ዕቃ ከመቀየሩ በፊት መንስኤውን ማሳየት የሚችል ነው። ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው። ሦስት የተለመዱ ጉዳዮችን እንይ።

የመጀመሪያው ኮምፒውተር ማስነካት የሚባለው ነው። የሞተር መብራት በርቶ መሣሪያው ሲሰካ፣ ለምሳሌ ፒ0301 የሚል ኮድ ይወጣል። ትርጉሙ አንደኛው ሲሊንደር ነዳጁን በትክክል እያቃጠለ አይደለም ማለት ነው። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ግን ኮዱ አልተናገረም። ካንዴላ (እሳት የሚያጭረው) ሊሆን ይችላል፣ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ሊሆን ይችላል፣ ኢንጄክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ሊሆን ይችላል። ሰነፉ ኮዱን አይቶ ሦስቱንም ያስገዛችኋል። ጎበዙ የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር ያለዋውጥና መልሶ ያነባል። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከዞረ ችግሩ ኮይሉ ነው፤ ካልዞረ ኮይሉ ነጻ ወጣ። ይህ ደቂቃዎች የሚፈጅ፣ ምንም ዕቃ የማይጠይቅ ምርመራ ነው። ኮዱን ብቻ አጥፍቶ "አለቀ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መብራቱ ሰፈራችሁ ሳትደርሱ ተመልሶ ይበራል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተሩን ውሃ ወደ ራዲያተር የሚለቁት ብዙ የቶዮታ ቴርሞስታቶች በ82 ዲግሪ ግድም መከፈት ይጀምራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው ማለት ነው። መኪናውን ከመፍላት የሚያድነው ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው፤ ደህና ክዳን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ከላላ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ መኪናው ዳገት ላይ ይፈላል። ስለዚህ የሙቀት ችግር ይዛችሁ ስትሄዱ የሚመረምር ሰው ከርካሹ ይጀምራል፤ ክዳኑ፣ ፋኑ፣ ቺንጋው፣ የውሃ ፍሳሽ፣ ከዚያ ቴርሞስታቱ።

"ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው፣ አገራችን አይፈልግም" የሚል ምክር በየሰፈሩ አለ። አትስማሙ። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ በወጉ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይበላል። ትክክለኛው በሽታም ተደብቆ ይቆያል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ሙቀት ሲሰማ ወዲያው "ቴስታታው መውረድ አለበት፣ ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ተቃጥሏል" የሚል አለ። ሊሆን ይችላል፤ ግን ምልክት አለው። ውሃው ሳይፈስ ይጎድላል፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይንተከተካል፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ አይቋረጥም፣ ዘይቱ ይነጣል። አንዱንም ካላሳያችሁ ቴስታታ አይወርድም።

ሦስተኛው አልነሳ ያለ መኪና ነው። "ባትሪው ሞቷል፣ አዲስ ግዛ" ከማለቱ በፊት ቴስተር ያውጣ። አርፎ ያደረ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት ግድም ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ ሲለካ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት። ሞተሩ እየሠራ ከ13 በታች ከሆነ የሚጠረጠረው ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙለትም ያንንም ባዶ ያደርገዋል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ጠቅ ብቻ ካለ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) እና የባትሪው ጫፎች ይታዩ። ቁጥሩን እናንተም አብራችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቴስተር የሌለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቢቀር ይሻላል።

7. የዕቃና የእጅ ዋጋ

አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። ሜካኒክ የሚያታልለን ግማሹ በእኛው ነው። በእጅ ዋጋ ላይ እስኪመረው እንከራከራለን፤ ዕቃ ላይ ሲሆን ግን የተባልነውን እንከፍላለን። እሱም የእጁን ከዕቃው ላይ ያወጣዋል። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ስትልኩት ሻጩ የሚቆርጥለት ገንዘብ ከዚያው ከእናንተ ዋጋ ላይ ነው። መፍትሔው ዕቃውን ራሳችሁ ገዝታችሁ፣ ለእጁ ደህና መክፈል ነው። "ዕቃውን እኔ አመጣለሁ፣ ላንተ ሥራ ስንት?" በሉት። የእጁ ዋጋ ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ያ እውነተኛው ዋጋ ነው።

ከሰበታ ወይም ከቡራዩ ሶማሌ ተራ መመላለስ ቀን ይበላል። ስለዚህ አንዴ ስትሄዱ ትክክለኛውን ይዛችሁ ለመምጣት የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ፎቶ አንሱ፣ የሚቻል ከሆነ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ዓይነት የሚመስል ቪትዝ እንደ ዓመቱና እንደ ሞተሩ ዕቃው ይለያያል። ሻጩን "ካልሆነ ትመልሳለህ?" ብላችሁ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ኦሪጅናል፣ ያገለገለና ተመሳስሎ የተሠራ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ። ፍሬንና መሪ ላይ ርካሹን አትግዙ። የበር እጀታ ወይም ስፖኪዮ ከሆነ ያገለገለው ይበቃል። (ስፖኪዮ ስትገዙ የራሳችሁ የተሰረቀው አለመሆኑን እዩ።)

ቀብድ ከተጠየቃችሁ ለዕቃ የሚሆነውን ብቻ ስጡ፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን፣ ዱካ ይኖረዋል። ለሥራው መጨረሻ ላይ። "ሲፈታ ሌላ ነገር ከተገኘ ሳትነግረኝ አትቀይር፣ ደውል" የሚለውን ደግሞ በመልእክት ላኩለት። በቃል ያላችሁትን አስታዋሽ የለም።

8. መኪናውን ትታችሁ ስትሄዱ

ሊብሬ ጋራዥ አይቀመጥም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንና የነዳጅ ጌጁን ፎቶ አንሱ። አራቱን ጎን፣ መለዋወጫ ጎማውን፣ ክሪኩንና ባትሪውንም ጭምር። ማታ መኪናው የት እንደሚያድርና ጥበቃ እንዳለ ጠይቁ። በበዓል ዋዜማ ሥራ አታስገቡ። ሁሉም በመኪናው አገር ቤት መሄድ ስለሚፈልግ ጋራዡ ይጣደፋል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

መኪናው ተጎትቶ የሚሄድ ከሆነ አውቶማቲክ መኪና ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ጎማዎች መሬት ነክተው በገመድ እንዳይጎተት። ካምቢዮው ይቃጠላል። በጭነት መኪና ይጫን፣ ወይም ሜካኒኩ ካለበት ይምጣ።

9. ስትረከቡ

ከፍላችሁ ሳይሆን ከመክፈላችሁ በፊት ንዱት፤ ሜካኒኩ አጠገባችሁ ይቀመጥ። በሰፈር መንገድ ብቻ አይበቃም። መሪው ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ የጎማ ባላንስ ነው፤ ይህን ኮብልስቶን ላይ አታዩትም፣ ደህና አስፋልት ይፈልጋል። ፍሬን ስትይዙ ወደ አንድ ጎን ይስባል? ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል? የሱሉልታ ሰው ፍሬኑን አሠርቶ ሳይሞክር ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል መውረድ የለበትም። የፍሬን ዘይት ከተቀየረ ምን ዓይነት እንደተሞላ ጠይቁ፤ የሚፈልገው ክዳኑ ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ ተጽፏል።

አሮጌውን ዕቃ ተቀበሉ። አይጠቅማችሁም፣ ግን መቀየሩን ያረጋግጣል። "ጣልኩት" የሚል መልስ አንዴ ይታለፋል፣ ሁለተኛ አይታለፍም። ጎማ ከወረደ ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ተራ መጥበቃቸውን እዩ፤ ለብዙዎቹ ትንንሽ ቶዮታዎች ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ይጠበቁ። በእኛ ጉድጓዳም መንገድ ይህን መዝለል አይገባም።

የኤሌክትሪክ መኪና ላላችሁ

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችንም ውስጥ ቢዋይዲ መብዛቱን አይታችኋል። ፍሬኑን፣ ጎማውንና አሞርዛተሩን ማንኛውም ጎበዝ ሜካኒክ ይሠራዋል። ብርቱካናማ ገመድ ግን እንዳይነካ። በብዙዎቹ በዚያ የሚያልፈው ከ300 እስከ 400 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። ሥልጠናና የኤሌክትሪክ ጓንት የሌለውን ሰው "ሞክረው" አትበሉ። ሌላም ልብ በሉ፤ እነዚህ መኪኖች ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪም አላቸው። እሱ ከደከመ መኪናው ጭራሽ አይነሳም። ትልቁ ባትሪ ተበላሸ ብሎ ከሚያስደነግጣችሁ ሰው በፊት እሱን በቴስተር አስለኩ።

10. ከሳምንት በኋላ

የሠራው ነገር ተመልሶ ከተበላሸ ደውሉለት። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ፈተና ነው፤ ጎበዝም ይሳሳታል። "አምጣው ልየው" ካለ፣ አይቶም የራሱ ስህተት ከሆነ በነጻ ከሠራው፣ ያንን ሰው አጥብቃችሁ ያዙት፤ ለበዓል እንኳን አደረሰህ በሉት፣ ደንበኛ ላኩለት። "እኔ ስሰጥህ ደህና ነበር" ብሎ ከጀመረ ሥራውን በጨዋ ደንብ አስጨርሱና ስሙን ከስልካችሁ አጥፉ። ሥራው በደረሰኝ ከሆነና ካልተስማማችሁ፣ ደረሰኙን፣ መልእክቶቹንና ፎቶዎቹን ይዛችሁ የወረዳው ወይም የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ግን ሌላ ሜካኒክ አይቶት ምን እንደተበላሸ ጽፎ ይስጣችሁ።